አስራ አንድ ቀን

ጥር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው
የጀልባዬን ሆድ ጭቃው ነካው።
ኪርርር አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤
ምድር ባቡር ጋራዥ፣ አናጢ ሳለሁ፣
ፉርጎ ሊቆም ሲል እንዲያ ነበር የሚጮኸው።
ኢብሳ ዘንጉን ወደ ውሃው ሰደደው፤
ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም ሲለካው።
«አበቃ?» አለኝ። ሽቅብ ሰማዩን አየሁ፣
ደመና ያለ ይመስል።
«አበቃ» አልኩና የሸራውን ገመድ ፈታሁ።

ሐረማያ እንዲህ ናት፤ ሄደች ሲሏት ትመጣለች፣
መጣች ብለህ ጣውላ ስትልግ ትሸሻለች።
ደርቃ አይተናት የለ? ግመል በሆዷ ሲያቋርጥ፣ አቧራ ስትተፋ!
ተመልሳ ስትሞላ ነው ይኸ እብደት የያዘኝ፤
ጣውላው ከአሮጌ ፉርጎ ወለል፣
ሸራው ከተጣለ ድንኳን፣
መኪና ግርግር ወስጄው አብዱረሒም ሦስት ቀን ሲሰፋ፣
«የማን ግመል ነው ይህን የሚለብስ?» እያለ ሳቁን ሲነፋ።

ኦቦ ሙሜ መጣ ገመድ በትከሻው፣
ሰባት ጎረምሳና አንዲት አህያ ኋላው።
የሱ ፓምፕ ናት ሌት ተቀን ሐይቁን የምትመጠው፤
ጫቱን፣ ድንቹን፣ የልጆቹን ደብተር የምታጠጣው።
ልቆጣው አስቤ ነበር።
ከጀልባዬ ስር ገብቶ ሲገፋ፣ የአንገቱ ስር ሲገተር ሳይ፣
ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።
«ለከርሞ ከዘነበ አንተም ትንሳፈፋለህ፣ እኔም አጠጣለሁ» አለ።
«ካልዘነበስ?»
«ካልዘነበማ...» ብሎ ገመዱን ጠቀለለ።

ደንገጎ ላይ ኬላ ጠባቂው አይሱዙውን አስቆመ።
«ምን ጭነሃል?»
«ጀልባ።»
«ምን?» ባትሪውን አበራ፣ ዞሮ ዞሮ አየና፣
«ከየትኛው ባህር?» አለ። ሹፌሩ ሙክታር በሳቅ ወደቀ።
መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም፤
«የቤት ዕቃ» ሳይል አይቀርም።
ቁልቁል ስንወርድ የድሬ ሙቀት ፊታችንን ላሰው።
ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታ ጥለው፣
«አቦ መርከብ! ኖህ መጣ! ኖህ መጣ!»
ኖህ እንኳ ተነግሮት ነበር፤
እኔ ዘንድ ማን ወሬ ይዞ መጣ?

ማታ ረምላ እስክሪብቶ አነሳች፤ ሂሳብ ትወዳለች።
«ዘንድሮ ስንት ቀን ቀዘፍክ?» ትላለች።
አስራ አንድ።
በሦስቱ ነፋስ ጠፋ፣ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው መለሱኝ።
በአንዱ ምሰሶው እንደ ሸንኮራ ተቀነጠሰ።
በአራቱ ውሃው ከስር እየገባ በጣሳ ስቀዳ ዋልኩ።
በሁለቱ ሙሽሮች ለፎቶ ተከራዩኝ፤
የሚዜው ጫማ ሐይቅ ገብቶ፣ ሰርጉ ቀርቶ ጫማ ስናሳድድ መሸ።
«አስር ሆነ» አለች፣ በጣቷ ቆጥራ። «አንዱስ?»

አንዱ ህዳር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።
ነፋሱ ከጋራ ሙለታ በኩል መጣ፣ ኮቴው ሳይሰማ።
ሸራው ደረቱን ነፋ፤ ጀልባዋ በጎኗ ጋደል አለች፤
ገመዱ መዳፌን ላጠው፤ ኢብሳ ዝም አለ፣
ኢብሳ ዝም ብሎ አያውቅም።
ዳክዬዎቹ ከፊታችን እየተነሱ፣
ከዳር እስከ ዳር፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ።
ስልሳ አራት ዓመት እኔ ነኝ ስገፋ የኖርኩት፣
ፉርጎ ስገፋ፣ ቀን ስገፋ፣ ኑሮ ስገፋ፤
ያን ዕለት ግን እኔን የሚገፋ መጣ፣
ደጅ ሳልጠና፣ ማመልከቻ ሳልጽፍ።

«በአንዱ ጥሩ ነፋስ ነበር» አልኳት።
ጻፈችው። ከስሩ የቅጥራኑን ዋጋ ደመረች።

አሁን ዘይቱኑ ስር ተደፍታለች፤
የጎረቤት ዶሮ ከወዲሁ እንቁላል ጥላባታለች።
ስንጥቁን ነገ እደፍናለሁ፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ።
ሌሊት ያ የድሬ ነፋስ፣ ለማንም የማይረባው፣
ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣
ረምላ በእንቅልፍ ልቧ፣ «ማነው?» ትላለች።
«ነፋስ ነው፣ ተኚ።»
እሷ ትተኛለች።
እኔ ከየት በኩል እንደሆነ አዳምጣለሁ።